የአባዬ ሲባጎና የእማዬ ቃጫ

ዛሬ ከድርቆሽ ማሰሪያ ማሽናችን የወጣው የመጀመሪያው እስር ገና መሬት ሲነካ ተበተነ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

አባዬ ከአምቦ ገበያ መርጦ ያመጣው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሲባጎ ነበር። ጠንካራ ነው፤ ግን ስለሚያንሸራትት አሮጌዋ ማሽናችን የምትቋጥረው ቋጠሮ አይጠብቅም።

በዚህ በኅዳር፣ በወንጪ በኩል ደመናው ጠቁሯል። የታጨደው ሣር ሜዳው ላይ ነው፤ ዝናብ ከመታው የከብቶቹ የበጋ ቀለብ አበቃለት።

እማዬ ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ጋ ሄዳ የቃጫ ሲባጎ ተውሳ መጣች።

«ቃጫ ይበጠሳል!» አለ አባዬ።

«ይበጠሳ! ላሚቱ ፕላስቲክ ብትውጥ ግን ሆዷ ውስጥ ይቀራል» አለችው።

(እማዬ ላሟን ከእኛ አስበልጣ እንደምትወድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።)

እያጉረመረመ ሲባጎውን ቀየረው። እስሩ ጥብቅ ብሎ ወጣ! አጨበጨብን።

የመጨረሻውን እስር መጠለያው ስር ስናስገባ ዝናቡ ጀመረ። አባዬ አንዱ እስር ላይ ተቀመጠና አጠገቡን መታ መታ አደረገ።

«ሃዳ ጫልቱ፣ ነይ ተቀመጪ። ሁለታችንንም ይችል እንደሆነ እንየው» አላት።

(«የጫልቱ እናት» ማለቱ ነው፤ ጫልቱ እኔ ነኝ። ለእኔ ቦታ አልነበረም።)

እማዬ እየሳቀች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ቃጫው ቻላቸው።

የእናንተስ ወላጆች በምን ተከራክረው እንዴት ታረቁ? እስቲ ንገሩኝ።