ለአባቴ ውሻ የገዛሁት ሻምፑ

አባቴ ከዲክሲስ ወደ አሰላ ሲመጡ ውሻቸውን ይዘው መጡ። የዓይናቸው ሞራ በርትቶ ከቤታቸው እስከ በረቱ ያለውን መንገድ እንኳ በዳበሳ መሄድ ስለጀመሩ፣ እኔ ዘንድ እንዲኖሩ ስለምናቸው ከርሜ ነበር። የጭነት መኪናው ሹፌር ውሻ አልጭንም ሲላቸው «እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ» ብለው መንገድ ዳር ቁጭ አሉ። በመጨረሻ ሁለቱም ከገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አሰላ ገቡ።

ውሻው ስም አልነበረውም። አባቴ «አንተ» ብለው ይጠሩታል፣ እሱም ይመጣል። ጠጉሩ ረዥምና ቡናማ ነው፤ አንገቱ ሥር ነጭ አለበት። እዚያ ሜዳ ላይ ሲኖር ሽታውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ የምኖረው ግን በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዬ የአርሲ ሴት ናቸው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ረጋ ብለው ይናገራሉ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ሕፃኗ እየዳኸች ሄዳ ውሻው ላይ ትጋደማለች፣ እሱም ዝም ይላታል።

በወሩ ውሻው ማከክ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲፈተግ ይሰማኛል። አንድ ቅዳሜ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አጠብኩት፤ ንጹሕ መሰለ፤ በማግስቱ ግን ሆዱ ሥር ቆዳው ቀላ፣ ማከኩ ባሰበት። በሁለተኛው ሳምንት የራሴን የጠጉር ሻምፑ ሞከርኩ። ሽታው አልተስማማውም መሰለኝ፣ ገና ሳይደርቅ ሄዶ አመድ ላይ ተንከባለለ። ጀርባው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተመለጠ፣ ከሥሩም ውሃ ያዥ ጀመር። ያን ጊዜ ሽታው የግቢው ሁሉ ሆነ።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስገባ አከራዬ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሕፃኗን አቅፈዋታል። ቀሚሷን ገልበው እግሯን አሳዩኝ፤ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ በቁንጫ ተነክሳለች።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ» አሉኝ። «አባትሽን አከብራለሁ። ውሻው ግን ወይ ይጽዳ፣ ወይ ከግቢዬ ይውጣ። እስከ እሑድ ነው የምታገሥሽ።»

እውነታቸውን ነበር። እሺ ብዬ ገባሁ። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «እኔ ወደ ሀገሬ ልመለስ መሰለኝ» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ስጮህ ውዬ ነበር፣ ውሃም ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እንዲህ አልኳቸው፦

«እርስዎን ልያዝ እሱን? ሁለታችሁንም አልቻልኩም።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ነገ እለዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻምፑ ፍለጋ ወጣሁ። ረፋዱ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ማጠናከሪያ ትምህርት ስለነበረኝ ጊዜ አልነበረኝም። የመዋቢያ ዕቃ የምትሸጠው ልጅ ለውሻ መሆኑን ስነግራት ሳቀችና የሕፃን ሻምፑ አወረደችልኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ቁንጫ ይገድላል የሚል ነገር የለበትም፣ መለስኩት። ከዋናው መንገድ ያለው ትልቁ ሱቅ ውስጥ የነጭ ውሻ ሥዕል ያለበት አንድ ጠርሙስ አገኘሁ። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የሚጻፍበት ቦታም ተፍቋል። እሱንም ተውኩት። እስከዚህ ድረስ አስተዋይ ሰው ነበርኩ።

ሰዓቱ ሲገፋ ወደ ገበያው ዳር ወረድኩ። እዚያ የእርሻና የከብት መድኃኒት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ባለሱቁን ቁንጫ ላለበት ውሻ የሚሆን ሻምፑ ካለው ጠየቅኩት። ከባንኮኒው ሥር ቢጫ ጀሪካን አወጣና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ቀዳልኝ። ወፍራም፣ ወተት የመሰለ ነገር ነው።

ስሙ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ሻምፑ በይው አለኝ፤ ከጎበሳም ከጮሌም የሚመጣ ገበሬ ሁሉ ለከብቱም ለውሻውም የሚወስደው ይህንኑ ነው፣ አንድ ቀን ታጥቦ ቁንጫው ድራሹ ይጠፋል አለኝ። ከዚያ ፌስታል ሲያቀብለኝ፣ «አንድ ክዳን ብቻ በአንድ ባልዲ ውሃ፤ ከዚያ እንዳታሳልፊ» ብሎ ጨመረ።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ነገር፣ በላዩ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አትንኩ የሚለው ነው። ይህን ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ጠርሙሱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ፣ «አባዬ፣ የውሻው ሻምፑ ነው፤ ከሰዓት ስመለስ አጥበዋለሁ» አልኳቸው። ስለ ክዳኑ አልነገርኳቸውም። ስለ ማታውም ቃሌ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ደብተሮቼን ይዤ ሮጥኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ የግቢውን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ውሻውን ነው። ፀሐይ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ጠጉሩ እርጥብ ነው። ተኝቶ መሰለኝ። ጠጋ ስል ግን ከቆዳው ሥር ጡንቻው ለብቻው ይርገበገባል፤ ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ የኋላ እግሮቹ መሬቱን ይቧጥጣሉ እንጂ አያነሡትም። አባቴ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። እጅጌያቸው እስከ ክርን ተጠቅልሏል፣ ሸሚዛቸው ከደረታቸው ላይ ተጣብቋል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እኔን እያንቀጠቀጠኝ ከእሳቸው ግንባር ላብ ይንጠባጠባል።

«መጣሽ?» አሉ። «አጠብኩት። እሱ ግን አልተነሣ አለኝ። እኔም ዓይኔ ጨለመብኝ።»

ጠርሙሱ ሳፋው አጠገብ ወድቋል። ግማሹ የለም። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ ነጭ ነው፤ ሽታው የስንዴ ማሳ በሚረጭበት ሰሞን መንገድ ላይ የሚያፍነው ሽታ ነው። አገጫቸውን ይዤ ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። በሞራው መሐል የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። ያን ጊዜ የገዛሁት ምን እንደሆነ ገባኝ። ሻምፑ አልነበረም፤ የመዥገርና የተባይ መርዝ ነው፣ በእጃቸውም ቆዳ አልፎ ገብቷል።

አከራዬ ድምፄን ሰምተው ወጡ። ምን ብዬ እንደጠራኋቸው አላስታውስም። ሕፃኗን ቤት ዘግተውባት መጡና ለመጠጥ ያጠራቀሙትን የውሃ ጀሪካን አንድ በአንድ ያወጡልኝ ጀመር። የአባቴን ሸሚዝ ላወልቅ ስል እሳቸው እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ እሱን» አሉኝ።

«አባዬ፣ ይልቀቁኝ።»

«ልጄ፣ እሱ መናገር አይችልም። መጀመሪያ እሱን አድኚው።»

አልሰማኋቸውም። አባቴን በሕይወቴ ያለ ልብስ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በቀን ብርሃን፣ በሰው ግቢ መሐል፣ እስከ ወገባቸው አራቁቼ በገላ ሳሙና እጃቸውንና ደረታቸውን ደጋግሜ አጠብኩ። የራሴን እጅ ፌስታል አልብሼው ነበር። አባቴ ፊታቸውን ወደ ውሻው እንዳዞሩ ናቸው። መሐል ላይ አስመለሳቸው። አከራዬ የራሳቸውን ሻሽ አውልቀው አፋቸውን ጠረጉላቸው፣ ከዚያ ወጥተው ባጃጅ አስቁመው መጡ።

ስንወጣ ውሻውን ዘወር ብዬ አየሁት። ያንን አይቶ መሄድ ከባድ ነበር። አከራዬ፣ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። ትናንት ከግቢዬ ይውጣ ያሉት ሴት ፌስታል እጃቸው ላይ አስረው መሬት ላይ ሲንበረከኩ አየኋቸው።

ሐኪም ቤት አንድ ወጣት ሐኪም የመርዙን ስም ጠየቀኝ። ጠርሙሱን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ አወጣሁት። ከየት ተገዛ፣ ምን ተብሎ ተሸጠ አለኝ። «ሻምፑ ነው ተብዬ» ስል ቀና ብሎ አየኝ፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ። አልጠየቀኝም። ሽታውን፣ የአባቴን ዓይንና ላብ አይቶ መርፌ አዘዘ። ከዚያ የነበረው ሁሉ መጠበቅ ነው። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች በትንሽ ባትሪ ዓይናቸውን ታያለች፣ ደረታቸውን ታዳምጣለች፣ መርፌ ትደግማለች። ትንፋሻቸው ውስጥ የሚንተከተክ ነገር ነበር። ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ፤ በመሐሉ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የእኔም ትንፋሽ ይቆማል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ላባቸው ደረቀ፣ ውሃ ጠየቁ። ቀጥሎ የጠየቁት ስለ ውሻው ነው። አላውቅም አልኳቸው፣ እውነትም አላውቅም ነበር፤ ለአከራዬ ለመደወል ፈርቼ ነበር። አከራዬ ራሳቸው ደወሉ። በሕፃኗ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጥበው አለቅልቀውታል። ከዚያ ከእኛ ግቢ ሦስተኛው ቤት የሚኖረውን የእንስሳት ሐኪም ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ ላይ አግኝተው እጁን ይዘው አምጥተውት ነበር። መርፌ ወግቶታል። «ይተነፍሳል» አሉኝ። «ከዚያ በላይ አልነግርሽም፣ እንዳልዋሽሽ።»

አባቴ እሑድ ከሰዓት ከሐኪም ቤት ወጡ። ውሻው በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ አንድ የኋላ እግሩን ግን እስከ ዛሬ ይጎትታል።

በዚያው ሳምንት ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። የምጮህበትን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሰውየው ደንግጦ ሰማኝና፣ አንድ ክዳን ብቻ ብዬሽ አልነበረም ወይ አለኝ። ብሎኛል። ሻምፑ ብሎ መሸጡ ጥፋት ነው፣ ያለ ስም መቅዳቱም ጥፋት ነው፤ ይህን ነገርኩት፤ ለሚመለከተው ቢሮም አመለከትኩ። ክዳኑን ለአባቴ ሳልነግር መውጣቴ ግን የእሱ አልነበረም።

ለአባቴ የነገርኳቸው አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ስለ ክዳኑ ተናገርኩ፤ ስለ ዓርብ ማታው ቃሌ ልጀምር ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ስትመለሺ ታጥቦ እንድታገኚው ነበር» አሉ። «አንድ ሸክም ላቀልልሽ ብዬ።»

እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ። ራሴን ዳበሱኝ። ስለዚያ ቃል ከዚያ ወዲህ አንሥተን አናውቅም።

የቁንጫውን ነገር የእንስሳት ሐኪሙ ያዘው። የሚዋጥ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ሰጠው፣ መኝታውን በሙሉ አስቃጠለን፣ ግቢውን አስጠረገን። ሻምፑውን በተመለከተ ቁንጫ ገዳይ አትፈልጊ አለኝ። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ስስ ነው፤ የሰው ሻምፑና የልብስ ሳሙና ወዙን ይገፈዋል፤ ለውሻ የተሠራ፣ ሽታ የሌለው፣ የተሠራበት ነገር ሁሉ በምታነቢው ቋንቋ የተጻፈበት ይሁን አለኝ። ለአንድ ጊዜ ቢቸግርሽ የሕፃን ይሻላል፤ ዋናው አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ማለቅለቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እጄ ላይ የነበረውንና የመለስኩትን ጠርሙስ አሰብኩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለውን ሻምፑ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። አባቴ ከፍተው አሸተቱት፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ከላይ እስከ ታች እንዳነብላቸው አዘዙኝ። በአማርኛ የማይተረጎም ቃል ሲያጋጥመኝ ምንነቱን ሳላብራራ እንዳልፍ አልፈቀዱም።

ያም ሆኖ ውሻው ሳፋ ሲያይ አጥር ሥር ይገባ ነበር። ብዙ ቀን አባቴ ባዶ ሳፋ አጠገብ ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ወረወሩለት። አንድ ቀትር ላይ ራሱ መጥቶ እግራቸው ሥር ተኛ። ለብ ያለ ውሃ አመጣሁ። መጀመሪያ ከጆሮው ኋላ ትንሽ ቦታ ብቻ አጥቤ ቀላ ይል እንደሆነ እየተጠባበቅን ቆየን፤ አላለም። አባቴ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ ይዘው «አንተ፣ አይዞህ» ይሉታል፣ እኔ ጀርባውን አሸዋለሁ። ጠጉር መልሶ ያበቀለው ቦታ ለስላሳ ነበር። ከእጄ ሥር ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ከብርድ ይሁን ከፍርሃት ይሁን ከሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቀለቅኩት፤ ከዚያም በላይ ጨመርኩ። አከራዬ በራቸው ላይ ቆመው ሕፃኗን አቅፈው ያያሉ።

በፎጣ አድርቀነው ፀሐይ ላይ ተጋደመ። አባቴ ደክሟቸው ገቡ። እኔ ዱካውን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ የማርመው የፈተና ወረቀት ጭኔ ላይ እንዳለ፣ አንድም ሳላርም፣ ፀሐይዋ ከግቢው እስክትወጣ፣ እንደዚያ ቅዳሜ እንዳይሆን፣ አፉንና እግሩን ስመለከት ዋልኩ።