ውሻዋ መጎተት የተወች ዕለት

አባቴ በመቱ ከተማ ጭቃ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ወድቀው፣ ጉልበታቸው ተልጦ ሲመጡ ትዕግሥቴ አለቀ። ጥፋተኛዋ ውሻቸው ናት አልኩ። ድመት የምታህል ቡናማ ውሻ፣ ገመዷን ወጥራ ጡረታ የወጡ አስተማሪን ስትጎትት ሰፈሩ በሙሉ ያያል።

«ገጠር፣ ዳሪሙ ላሉት ዘመዶቻችን እሰጣታለሁ» አልኳቸው።

«እሷ ከሄደች እኔም ደጅ አልወጣም።»

ካሉ አሉ ነው። ከሰፈራችን በታች ካለው ሱቅ በር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቻቸው ጋር ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሌላ የቀራቸው ነገር አልነበረም። ስለዚህ እልህ ያዘኝና ውሻዋን ላስተምር ተነሳሁ።

መጀመሪያ ገመዱን እንደ በግ አንገቷና አንድ የፊት እግሯ ላይ አሰርኩት፤ ተንከባለለች። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ «ገበያው እኮ ቅዳሜ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ብቆጣ፣ ውሻዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ በጎተተች ቁጥር ቀጥ ብዬ መቆም ጀመርኩ። ገመዱ ሲላላ እሄዳለሁ፣ ሲወጠር እቆማለሁ። የአሥር ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ዝናብ መታኝ፣ ባጃጅ ጭቃ ረጨብኝ። ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ከእግሬ ሥር ሳትርቅ ሱቁ ድረስ ደርሳ ተመለሰች። በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ገመዱን ለአባቴ ሰጥቼ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ጥቂት ተራምደው ቆሙ። እሷም ቆመች። ገመዱን ነቅነቅ አደረጉት፤ ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ አልሄደችም። ጎረቤታችን ከፊታቸው መጥታ እጅ ነሳች፤ ዝም አሏት። «አካም ቡልታን፣ ጋሼ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስትላቸው ነው ፊታቸው የበራው፤ በስሟ ጠርተው ልጆቿን አንድ በአንድ ጠየቋት። እኛ ዘንድ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ሰው በድምፁ ይለያል። ለካ እኔም እስከዛሬ ያልነቃሁት ለዚህ ነው።

«ልጄ» አሉ፣ ወዳልቆምኩበት ዞረው። «ምን አደረግሻት? መንገዱን የምታውቀው እኮ እሷ ናት።»

ክው አልኩ። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እኔ ልምራዎት፣ አባዬ።»

«ዕውር ሆነ ብለሽ ለከተማው ልታውጂ ነው?» ብለው ክንዳቸውን አስለቀቁኝ። አጥሩን እየዳበሱ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ አልወጡም። ጓደኞቻቸው መጀመሪያ ሰሞን ይጠይቁ ነበር፤ አሁን ትተዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ውሻዋን ደጅ አውጥቼ፣ ሥጋ እያሳየሁ፣ ከኋላ እየገፋሁ እንድትጎትት እለምናታለሁ። ከእግሬ ሥር ፈቀቅ አትልም። ያስተማርኳትን አትረሳም።