በሦስተኛው ቁልፍ ከፍታ

ባለቤቴ ማንጎዎቻችንን የሚለካው በልብስ ሰፊ ሜትር ነበር። ሰባታሚት ካለው ቤታችን ጓሮ አሥራ አንድ ማንጎ አለን። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይወጣል፤ እኔ ደብተሩን ይዤ እከተለዋለሁ። ከግንዱ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ ከሚደርስበት ላይ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ ያዞራል። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ወፋፍራሞቹን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ይለካል፤ የዛፉን ቁመት ደግሞ በረጅም ሸንበቆ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ይህን አይተው ዝም ብለው አያልፉም።

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮም ለዛፉ ሱሪ ልታሰፋለት ነው?»

«አዎ አባባ፣ ያምናው ጠቦታል።»

«እንግዲያ ኪሱን ጠበብ አድርገው። ፍሬውን እዚያ እየደበቀ ነው መሰል፣ እኛ ቤት የደረሰ የለም።»

ፍሬው ሲደርስ አንድ ዘምቢል ማንጎ እወስድላቸዋለሁ።

ባለቤቴ የፈለገው ዛፉ ሳይቆረጥ ምን ያህል እንጨት እንደያዘ ማወቅ ነበር። ግንዱንም ቅርንጫፉንም እንደ ምሰሶ ቆጥሮ ያሰላል። የማንጎ እንጨት ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚመዝን ስለሚያውቅ፣ በዚያ አባዝቶ የእያንዳንዱን ዛፍ ኪሎ ይነግረኛል።

«ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ቆርጦ መመዘን ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ማንጎ ከየት ትበያለሽ?»

አንድ ሕግ ነበረው። ስሳሳት በላጲስ እንድፋቅ አይፈቅድልኝም። «በአንድ መስመር ሰርዢና ትክክሉን ከጎኑ ጻፊ» ይለኛል። «የተሳሳትነውም ይነበብ።»

ባለፈው ዓመት ኅዳር ከአልጋ አልተነሣም። ያን ዓመት ነጭ ተባይ ገብቶ የማንጎዎቹ ቅጠል አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። ዛፎቹ እድገታቸው ይቆማል ብሎ ሰግቶ፣ ብቻዬን እንድለካ ላከኝ። ለካሁ። ተመልሼ ቁጥሮቹን ሳነብለት ዓይኑን ገለጠ።

«አድገዋል» አለ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምሁለት። ከዚያ በኋላ ስለ ዛፎቹ አልጠየቀኝም። በጥር ቀበርነው።

ዘንድሮ በጥቅምት መጨረሻ ደን ቢሮ አብራው ትሠራ የነበረች ሴት መጣች። አሁን ኮሌጅ ታስተምራለች። የፍራፍሬ ዛፎች ምን ያህል እንጨት እንደሚይዙ ለምታጠናው ሥራ ደብተሩን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ገጾቹን ስታገላብጥ ቆየችና ጣቷን የመጨረሻው ዓመት ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ በአንዴ ወደ ላይ ዘለሉ። ጋሼ ናቸው የለኩት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት ላይ?»

ተነሥቼ ቅርባችን ካለው ማንጎ ሥር ቆምሁና የጥቁር ሹራቤን ሦስተኛ ቁልፍ አሳየኋት። አልሳቀችም። ቁልፉን አየች፣ ግንዱን አየች።

«ጋሼ ረጅም ነበሩ እኮ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

ያኔ ገባኝ። ዛፍ የሚለኩ ሰዎች ሁሉ የሚለኩት ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው አለችኝ። እሱ ሦስተኛው ቁልፉ እዚያ እንደሚደርስ አንድ ጊዜ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ በቁልፉ ተጠቀመ። ስንት ዓመት አጠገቡ ቆሜ በልቤ የያዝሁት ቁልፉን ብቻ ነበር። የእኔ ቁልፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል፤ ማንጎ ደግሞ ወደ ሥሩ ሲወርድ ይወፍራል።

«ዘንድሮ ሁለቱንም ቦታ ለክተን ልዩነቱን ከአምናው መቀነስ እንችላለን» አለች። «ካልፈለጉ ያን ዓመት እተወዋለሁ። እንደፈቀዱ።»

ሦስት ቀን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ተውሁት። እነዚያ ቁጥሮች እሱን ደስ ያሰኙ የመጨረሻ ነገሮች ነበሩ። የጣት ስፋት ልዩነት የማያልፈው ሰው ያን ሁሉ ጭማሪ እንዴት አመነ? ምናልባት አውቆ ይሆናል። ምናልባት ሕመሙ አድክሞት ይሆናል። አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ሸንበቆው ላይ አንድ ሜትር ከሠላሳን ምልክት አድርጌ ወጣሁ። እያንዳንዱን ዛፍ አንድ ጊዜ በምልክቱ፣ አንድ ጊዜ በቁልፌ ለካሁ። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ሁለት ሁለት ጊዜ ሆነ እንዴ?»

«አንዱ የእሱ ነው፣ አንዱ የእኔ።»

«የማን ይሰፋል?»

«የእኔ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ስለ ሱሪ አላነሡም።

ልዩነቱን ስቀንስ፣ አምና ሁለቱ ዛፎች ጥቂት አድገው ነበር። ዘጠኙ ካቻምና እንደነበሩ ናቸው። እስኪብርቶ አነሣሁና በአምናው ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ መስመር አሰመርሁ፤ ትክክሉን ከጎናቸው ጻፍሁ። አልጋው አጠገብ ያነበብሁለት ቁጥር ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ደብተሩን በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋት።