ሬዲዮው ያለውን ደግመን አልን

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ አንድ የሬዲዮ ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከውስጥ ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ መንሿሿት ጀመረ። የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ልጄን የምታክል ወጣት ክንዴን ይዛ፣ "እትዬ፣ አሞዎት ነው?" አለችኝ። አላመመኝም፤ ፈርቼ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬም ያ ድምፅ ያስፈራኛል። በመጣ ቁጥር ቲቸር አስቴርን ይዞብኝ ይመጣል።

በደርግ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤታችን እሪ በከንቱ ነበር። ከእኛ ሽቅብ፣ ፒያሳ ያለው ትምህርት ቤት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎለት፣ ልጆቹ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ይማሩ ነበር። ለእኛ ግን ለጠቅላላው ትምህርት ቤት የደረሰው አንድ ሬዲዮ ነው፤ እሱም ከተበላሸ ቆይቶ ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ግን ለእነሱም ለእኛም አንድ ነው። እዚያ የሚማረው የአጎቴ ልጅ እሁድ እሁድ ቤታችን እየመጣ እንግሊዝኛውን ሲያንበለብልብኝ በቅናት እደብን ነበር።

ቲቸር አስቴር የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነበረች። ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጣቷ ጠመኔ የማይለቀው ቀጭን ሴት። ነገሩ አላስችል ቢላት የራሷን ሬዲዮ አፍንጮ በር ካለው ቤቷ በሻርፕ ጠቅልላ ማምጣት ጀመረች። ጴንጤ ናት ይባል ነበር። ያኔ ይህ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ፣ ስንቱ ታስሮ፣ የቀሩት በራቸውን ዘግተው ከውጭ አገር የሚተላለፍ ስብከት ድምፁን ቀንሰው ይሰሙ ነበር። እሷ ማታ የምትሰማበት ሬዲዮና ቀን እኛ የምንማርበት አንድ መሆኑን ማን አሰበው?

የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ጥንድ ሲሠራ፣ የደከመው ሌላው ጥንድ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ያገግማል። እሱን ማገላበጥ ማዕረግ ስለነበር ተራ እንጠብቅ ነበር። ትምህርቱ ሲጀመር የሬዲዮው መምህር አንድ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፤ በዚያች ዝምታ ክፍሉ በሙሉ እየጮኸ ይደግማል። "ገባችሁም አልገባችሁም በሉ፤ አፋችሁ ይልመድ" ትለን ነበር ቲቸር። እኛም ፒያሳ ድረስ ይሰማ ብለን ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ እንል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌ ስብሰባ አዘግይቷት እየሮጠች መጣች። ሁልጊዜ ከቤቷ ሳትወጣ መርፌውን ወደ ትምህርቱ ጣቢያ ታዞረው ነበር፤ የዚያን ቀን ረሳችው። ስትከፍተው ተንሿሿ፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ በአማርኛ፣ "አትፍሩ" አለና ዝም አለ።

ከወትሮው የተለየ ነው፤ ሬዲዮ ግን ሬዲዮ ነው። ሁላችንም በአንድ አፍ፣ "አትፍሩ" አልን።

"ጌታ ከእናንተ ጋር ነው።"

"ጌታ ከእናንተ ጋር ነው።"

ቲቸር ዘግታው ቀና ስትል፣ ጠብመንጃውን ያነገተ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል። ግቢያችንን መዞር ልማዱ ነበር፤ ጩኸታችን ጎትቶት መጣ።

"የምን ጣቢያ ነው ይሄ?"

አብሮኝ የሚቀመጠው ከድር፣ አባቱ አትክልት ተራ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፣ ሲንቀጠቀጥ ዴስካችን አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው አልተቆጣም። እንዲያውም መውጫ የሚያበጅላት ይመስል፣ "ከልጆቹ አንዱ ነካክቶት ይሆናል። ማነው ዛሬ ሬዲዮ የነካ?" አለ።

የዚያን ቀን ድንጋዩን የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ዓይኑ ከዴስክ ዴስክ እየዞረ እኔ ላይ ሲደርስ ሽንቴ አመለጠኝ።

"ልጆቹ አይነኩትም፣ ጓድ" አለች ቲቸር አስቴር። ከንፈሯ ደርቋል፤ ፈርታለች፣ ከእኔ የባሰ ፈርታለች። "ሬዲዮውም የኔ ነው። እዚያ ጣቢያ ላይ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፣ እቤቴ።"

ሬዲዮውን ራሷ ተሸክማ እንድትወጣ አዘዛት። በሻርፗ ጠቅልላ፣ ጠመኔዋን ሰሌዳው ስር አስቀምጣ፣ ፊት ፊቱ ሄደች።

እናቴ ስትሰማ በሩን ቀረቀረችና፣ "ምን ሰማሽ ቢሉሽ፣ ምንም በይ" አለችኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ስር እገባ ነበር። ቲቸር አስቴር አልተመለሰችም። ተፈትታለች ያለም፣ ሞታለች ያለም ነበር፤ እርግጡን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የትምህርቱ ሰዓት ሲደርስ ከላይ የፒያሳ ልጆች ጩኸት ይሰማን ነበር። እኛ ጋ መስኮቱ ላይ የቀረው ጥንድ ድንጋይ ብቻ ነው። አዲሱ አስተማሪ ድንጋዩ እዚያ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቀም፤ እኛም ማንም ሳያዘን በየተራችን ማገላበጣችንን አላቆምንም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከድር ድንጋዮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ሲከት አየሁት።

"ፀሐይ በሌለበት ምን ልታደርጋቸው?" አልኩት።

"ምድጃ ዳር አሞቃቸዋለሁ" አለኝ። "መስከረም ላይ ብትመጣስ?"