ይቀመጡ እንጂ፣ አባባ!
የአባቴን ጉልበት የጨረሰው ክብር ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ጦርነቱ ከቆቦ በኩል እየገፋ ሲመጣ አባቴ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ ወርደው መርሳ፣ እኔ ዘንድ መጡ። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ቁልቁለቱን የወረዱት ግን ስንቃቸውን ራሳቸው ተሸክመው ነው። እዚያ አገራቸው ምንጩ ቁልቁለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አቀበት፣ ለቅሶ ቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከገደሉ ማዶ ነው። መቀመጥ ቢያምራቸው እንኳ አገሩ አያስቀምጥም።

እኔ የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ተፈናቃይ ዘመድ ያላስጠጋ ቤት የለም፤ ሰው ሁሉ ደጅ ላይ ይውላል። አባቴ ከበርጩማቸው ብድግ ባሉ ቁጥር ግቢው በሙሉ «ኖር!» እያለ ብድግ ይላል። ሽንኩርት የምትልጠው ትነሣለች፣ ሕፃን የምታጠባው ትነሣለች፣ እግሩ በጄሶ የታሰረው ጎረቤታችን ሳይቀር ግድግዳ ይዞ ይነሣል። «በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ» ሲሉ አባቴ ይደክማሉ። ጀሪካን ቢያነሡ ይነጠቃሉ። መጥረጊያ የያዙ ቀንማ አከራዬ ጮኸች፦ «ይቀመጡ እንጂ፣ አባባ! ልጅዎን ሰው ምን ይበላት?»

በመጨረሻ መነሣቱን ተዉት። «በሽተኛው ሁሉ ለእኔ ሲል እየተነሣ፣ ነውር አይደለም?» አሉኝ።

«እንግዲያው ይውጡና ዞር ዞር ይበሉ» አልኳቸው። ወጡ። አስፋልቱን ሳይሻገሩ ጥበቃ ላይ የነበሩ ወጣቶች «ፀጉረ ልውጥ» ብለው ያዟቸው። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ የማይታወቅ ፊት ሁሉ ይጠረጠራል፤ የእሳቸው መታወቂያ ደግሞ ደጋ ቀርቷል። ሮጬ ደርሼ፣ አባቴ መሆናቸውን ምዬ ተገዝቼ አስለቀቅኋቸው። ወጣቶቹ በጣም አፈሩ። ከማፈራቸው የተነሣ ባጃጅ አስቁመው ቤታችን ድረስ አሳፈሩን! ለመራመድ የወጣውን ሰው!

ጎረቤቶቼን «እባካችሁ አትነሡላቸው» ብዬ ለመንኩ። ተቀየሙኝ። «ሽማግሌ ቆሞ እኛ ልንቀመጥ? ምን በወጣን!» አባቴ እንዲፈልጡ እንጨት ሰጠኋቸው፤ አከራዬ «አባቷን የቀን ሠራተኛ አደረገቻቸው» ብላ መጥረቢያውን ደበቀችው። ላብድ ደረስኩ። የአባቴ ቁርጭምጭሚት እያበጠ ሄደ፤ ሽንት ቤት ለመድረስ እንኳ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ወሬያቸው ግን አንድ ነው፦ «መንገዱ ይከፈት እንጂ ቤቴ እገባለሁ።» እኔ ጉልበታቸውን እያየሁ ያንን አቀበት አስባለሁ። ተኩሱ ቢቆምም አቀበቱ እንደሚጠብቀን ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

መንገዱ ተከፈተ። በሚኒባስ ወልድያ ገብተን፣ ከዚያ ወጥተን ከአቀበቱ ሥር ካለችው አክስቴ ቤት አደርን። ጠዋት መውጣት ጀመርን። እኩሌታውን እንኳ ሳንደርስ አባቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ቤታቸው ከዚያ አይታይም።

«አንቺ ውጪና አይተሽ ንገሪኝ» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። «ጣራው ካለ ይበቃኛል።»

ደሜ ፈላ። በጦርነቱም፣ በአከራዬም፣ በዚያ ሁሉ ደግ ሰውም ተናደድኩ። «አልወጣም፤ አልነግርዎትምም» አልኳቸው። «ዛሬ እዚህ ድረስ መጥተዋል። አክስቴ ቤት አድረን ነገ ተመልሰን እዚያ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ቤትዎን በገዛ ዓይንዎ ነው የሚያዩት።»

«ክፉ ልጅ ነው የወለድሁ» አሉና እንዳነሣቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

እጄን አልሰጠኋቸውም። አንዴ አዩኝ፣ ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተመርኩዘው፣ እየረገሙኝ፣ ብቻቸውን ተነሡ።