ዓይን ጨፍኖ ጊታር ማወቅ

ስኳር በሽታ የአምባቸውን ጣቶች እንዳደነዘዘበት የምታውቀው ሚስቱ መስከረም ብቻ ነበረች። እሷም ያወቀችው በሸበጥ ነው። አንድ ቀን አንዱን እግር ሸበጥ ባጃጅ ውስጥ ጥሎ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ሰው ቤት ገባ። "ሌላኛውስ?" ብትለው ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ቀጥሎ ተራው የእጆቹ ሆነ። የግራ እጁ ጣቶች የጊታር ክር ይጫኑ አየር ይጫኑ መለየት አቃታቸው። መድኃኒቱ ስኳሩን አረጋጋለት፤ የደነዘዘው ግን እንደደነዘዘ ቀረ። አምባቸው አላዘነም፣ አልተናደደም። ልቡም ከጣቶቹ ጋር የሄደ ይመስል ነበር።

"ለጓደኞቼ እንዳትነግሪ" ብቻ አላት።

ጓደኞቹ የጊታር ሰዎች ናቸው። ሶዶ ውስጥ ስለ ኳስ የማይከራከር ጎልማሳ ካገኛችሁ ከእነሱ አንዱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በእምነት በሚባለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ይሰበሰቡና አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ፈታተው ይጨቃጨቃሉ፤ የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ፒክአፕ ሽቦው በእጅ ነው የተጠመጠመ በማሽን፣ ቀለሙ የፋብሪካ ነው የጋራዥ። በእምነት የጃፓን ጊታሮች ወገን ነው። መምህር ክብረት ደግሞ የአሜሪካውን ፌንደር የነካ ዓይኑን የነካው ያህል ነው።

"ሊዮ ፌንደር እኮ ያን ሁሉ ጊታር ሠርቶ ራሱ መጫወት አይችልም ነበር" ይላል ክብረት ሁሌም እንደ አዲስ።

"ታዲያ ምን ይገርማል? አዋላጅ ሁሉ ወልዳለች እንዴ?" ይለዋል በእምነት።

አምባቸው ይህችን ወሬ ይወዳታል። ሳይጫወቱም የጊታር ሰው መሆን ይቻላል ማለት ነው። ተጫወት ሲሉት "መጀመሪያ ሽቦውን እንየው" እያለ በዚህች ወሬ ተጠልሎ ከረመ።

አንድ ልማድ ግን ነበራቸው። አሮጌ ጊታር በተገኘ ቁጥር ዓይን ይጨፈናል፤ የአንገቱ ጀርባ ብቻ በግራ እጅ ይዳሰሳል፤ የት አገር እንደተሠራ ይፈረዳል። በዚህ አምባቸውን የሚያህል የለም። መዳፉን ያስተማረችው፣ በወጣትነቱ በአውራጃው የኪነት ቡድን የተጫወተባት የምሥራቅ ጀርመን ጊታር ናት። ለእጁ ስትወፍርበት የአንገቷን ጀርባ በጠርሙስ ስባሪ ሸርሽሮ ለአውራ ጣቱ ጎድጓዳ አበጅቶላት ነበር። ኪነቱ ሲበተን ጠፋች። ስሟን ሳያነሳ ያለፈ ቅዳሜ የለም። "የጋሽ አምባቸው መዳፍ ዓይን አለው" ይባላል። ከሙዚቀኛነቱ የተረፈችው ይህች ስም ብቻ ነበረች።

ባለፈው ቅዳሜ ሲገባ ሁለቱም ፈገግ ብለው ጠበቁት።

"ጋሼ፣ ከገሱባ የመጣ ጊታር አለ። ይጨፍኑ" አለ በእምነት።

እጄን አሞኛል ሊል ነበር። ሳይለው አስታቀፉት። ጨፈነ። መዳፉን ወደ ላይ አንሸራተተ፣ ወደ ታች መለሰ። ክብደቷ ጭኑ ላይ ታወቀው፤ መዳፉ ላይ ግን ምንም የለም። ዝም ካለ ይነቃበታል። ሳይናቅ የሚያመልጠው ንቆ ከቀደመ ብቻ መሰለው።

"የቼክ ናት" አለ። "አንገቷን ማንም አልነካውም፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ተራ ዕቃ ነው። ሽቦዋን አውጡና እንጨቷን ጣሉት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አምባቸው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው መቃኛ ቁልፎቿን ነው። አምስቱ ነጭ ፕላስቲክ፣ ስድስተኛው ጥቁር የበሬ ቀንድ። የድሮው ቁልፍ የተሰበረ ጊዜ ቀንዱን ቀርጾ የተካው እሱ ራሱ ነው።

"አንድ ሰው ቤት ቆጥ ላይ ነው ያገኘናት" አለ ክብረት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደስ ይልሃል ብለን ነበር።"

አምባቸው ጊታሯን ገልበጥ አድርጎ አየ። አውራ ጣቱ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ማንም ሳይነግረው የድሮ ቦታውን አግኝቷል፤ ለእሱ ግን ወሬውን አላደረሰለትም።

"መዳፍህ መለየት ያቃተው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ክብረት።

"ከክረምቱ ወዲህ።"

ማልቀስ እንደሚገባው ያውቃል። ትንሽ ጠበቀ፤ እንባው አልመጣም። ከዚያ ጊታሯን ለበእምነት አቀበለው።

"አንተ ዳስስና ንገረኝ" አለው። "ጠርሙሱ የፋቀው ቦታ ድሮ ይሻክር ነበር።"

በእምነት ዓይኑን ጨፈነ። አውራ ጣቱን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ፣ ቀስ አድርጎ አመላለሰው።

"ለስልሷል፣ ጋሼ" አለ።

"እንግዲያው ከእኔ በኋላ ሌላም ሰው ተጫውቶባታል" አለ አምባቸው፣ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።