ያልተማከረ ዘመድ

ለጢፋ በቆሎ ስትፈለፍል እጇን አታይም። ዓይኗ ጭኗ ላይ ከዘረጋችው መጽሐፍ አይነቀልም፤ ነፋስ ገጹን እንዳይገልጥባት የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ጭናበታለች። ግማሹ ፍሬ ሰፌዱ ላይ ይወርዳል፣ ግማሹን ዶሮዎቹ ይለቅሙታል።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ክረምት ነው። ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ሄርማታ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጥታ ነበር። የልጄ የሸኩር ልጅ ናት፤ እኔን አያቷን በኦሮምኛ «አኮ» ትለኛለች። ሁለት ትምህርት ነው የምትማረው፤ ጠዋት አራት ኪሎ ኮምፒዩተር፣ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጥታ ስድስት ኪሎ ፍልስፍና። ሸኩር ኮምፒዩተሩን ሲሰማ ደስ አለው። ፍልስፍናውን የቀበሌው የውይይት ክበብ ትምህርት ስለ መሰለው ለመቃወም አልደፈረም። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና ያልገባኝን ሳልጠይቅ አላድርም።

«እስቲ ኮምፒዩተር ምንድን ነው?» አልኳት።

«የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ማሽን ነው፣ አኮ። ተሳስተው ቢያዝዙት ስሕተትዎን ይሠራልዎታል።»

«ፍልስፍናውስ?»

«ለምን ታዘዘ ብሎ መጠየቅ ነው።»

«ታዲያ አንድ ላይ ይስማማሉ?»

«ሲጨቃጨቁ ይኖራሉ።»

«እንደ እኔና እንደ አያትሽ በይኛ! አላህ ይዘንለትና።»

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የአጋሮው አባቦራ ነው፤ ጥምጣሙ ነጭ፣ ምላሱ ቅቤ። ለወንድሙ ልጅ ለአሊ፣ የጭነት መኪና ላለው፣ ለጢፋን ጠየቁ። ሰርጉም በመስከረም ይሁን አሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚከፈተውም በመስከረም ነው፤ የቀራት አንድ ዓመት ነው። ካገባች አጋሮ መቅረቷ ነው፣ ማንም ወደ ትምህርቷ አይመልሳትም። ሸኩር «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ዘመድ ሳይማከር?» አልኩ።

ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የለም። ለዓርብ ተመለሱ ተባሉ።

ለጢፋ አላለቀሰችም። የቀበሌውን የስብሰባ ጥሪ ፖስተር ገለበጠችና በጀርባው ሥዕል ሣለችልኝ። መሃሉ ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ሐላዋ የመሰለ ቅርጽ አለ፤ ውስጡ «ያልተማከረ ዘመድ አለ?» ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። መልሱ «አለ» ከሆነ ቀስቱ ወደ ላይ ዞሮ «ለዓርብ ተመለሱ» ላይ ያርፋል። «የለም» ከሆነ ወደ ታች ወርዶ «ለጢፋ ትሰጣለች» ይላል።

«ኮምፒዩተሩን እንዲህ አዝዘውት መልሱ ሁልጊዜ ‹አለ› ከሆነ፣ ሲዞር ይኖራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም» አለችኝ።

«የኛ ዘመድ ደግሞ መቼ ያልቅና!» አልኳት።

ዓርብ መጡ። «የሰኮሩው አጎቷ ኢስሃቅ አልተማከረም» አልኩ። «መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና ያላችሁ እናንተ ናችሁ።» ሄደው አማክረው መጡ። «የሊሙዋ አክስቷ መድናስ?» ሄዱ። «የሰቃዎቹስ?» ሄዱ። አሊ ይነዳል፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሸራ ሥር ተኮራምተው ይንገጫገጫሉ።

«እማ፣ አሁን የጠራሻት የጌራዋ አክስትሽ እኮ ከሞተች ቆየች!» አለኝ ሸኩር በጆሮዬ።

«ልጆች አልወለደችም እንዴ?» አልኩት።

ነሐሴ ሲጋመስ መኪናው ደጃችን ቆመ። ሸራው ሲገለጥ ኢስሃቅ ወረደ፣ መድና ወረደች፣ የሰቃዎቹ ወረዱ፣ የጌራዋ ልጆች ወረዱ፤ እኔ የማላውቃቸው ሰዎችም ወረዱ። ቤቱ ጢም አለ።

«እማማ ዘይቡ» አለ አባቦራ፣ «መንገድ ላይ ዘመድዎ ነኝ ያለኝን ሁሉ ጭኜ መጥቻለሁ። የቀረ ካለ አሁኑኑ ይጥሩት።»

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ዘመድ አለቀብኝ።

ያን ጊዜ ለጢፋ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። «አባቶቼ፣ አንዲት ጥያቄ ይፈቀድልኝ» አለች። «ሰው ለራሱ ዘመድ ነው ወይስ ባዳ?»

ቤቱ ተንጫጫ።

«ዘመድ ማለት ሌላ ሰው ነው እንጂ!» አለ ኢስሃቅ።

«ማን እንዲህ አለህ?» አለችው መድና። «ከራሴ የበለጠ የሚቀርበኝ ማን አለ? አንተ እንደሆንክ ለዒድ እንኳ ብቅ አትልም!»

«እንግዲህ» አለች ለጢፋ፣ ሳቁ ጋብ ሲል፣ «ባዳ ከሆንኩ የሌላ ሰው ልጅ እንዴት ትድራላችሁ? ዘመድ ከሆንኩ ደግሞ አንድ ያልተማከረ ዘመድ አለ።»

አባቦራ ጥምጣሙ እስኪላላ ሳቀ። «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ አጋሮ ብትገባ እኛ ሽማግሌዎቹ ሥራ ፈት ነን!»

ሸኩር ቁጣና ኩራት ተደባለቀበት። «ይሄን ያስተማረሽ ኮምፒዩተሩ ነው?» አላት።

«አይ አባዬ፣ ኮምፒዩተሩ ያስተማረኝ ማዞሩን ነው። ይሄኛው የስድስት ኪሎው ነው።»

«ማዞሩን?» ብሎ ወደኔ ዞረ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«በይ እንግዲህ» አላት ሸኩር፣ «ተማክረሻል። ምን ትያለሽ?»

«ትምህርቴን ልጨርስ። ከዚያ በኋላ አሊ የሚለው ካለው ራሱ ይጠይቀኝ።»

አባቦራ ወደ በሩ ዞረ። አሊ ጫማው ጭቃ ለብሶ ደፉ ላይ ቆሟል። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔንም እኮ ማንም አልጠየቀኝም» አለ አሊ እያፈረ። «ክረምቱን ሙሉ ንዳ ተባልኩ፣ ነዳሁ።»

«ኮምፒዩተር ነህ በለኛ!» አልኩት።

ሸኩር እንኳ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ትጨርስ» አለ። ዱዓ ተደርጎ ተነሡ።

በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ያደረሳት የአሊ መኪና ነው፤ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ። እስከ ሰኮሩ ድረስ፣ የሚነዳ ሰው ነጂ ነው ወይስ እሱም ተነጂ እያሉ በላዬ ላይ ሲከራከሩ ሰምቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማን እንደረታ አላውቅም። አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አሊ ይጠይቃት እንደሆነ፣ እሷም ምን እንደምትመልስ ገና አልታወቀም፤ እኔም ከእንግዲህ ዘመድ አልቆጥርም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽማግሌ ደጃችሁ ሲቆም፣ ከሁሉ በፊት ልጅቷን ጠይቁልኝ። ልጁንም አትርሱት፤ ምናልባት ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።